ግማሽ ዋጋ

ዓመት ሙሉ «ትንሽ ንፋስ» እያለች ስትለምን ከርማ፣
ሲሰጧት ኮት ደርባ ወጣች፣ ድሬ የምትሏት ከተማ።
ከደንገጎ የወረደው የታኅሣሥ ማለዳ ንፋስ
በከዚራ ጥላ ገብቶ በታይዋን በኩል ሲመለስ፣
ተሳፋሪዬ ጠፋብኝ። ሁሉም እጁን ብብቱ ከትቶ
በእግሩ ይሄዳል፣ እንዲሞቀው፣ ሂሳቡንም አስቀርቶ።

ባጃጄን አቁሜ አሰብኩ። ቀኑ ዛሬ ነው።

በግንቦትማ ማን ይደፍረዋል ያንን የውሃ መናፈሻ?
ሰልፉ እስከ አስፋልቱ፣ ዋጋው የሰባት ቀን መጉረሻ።
ልጆቼ በአጥሩ ቀዳዳ በተራ ዓይናቸውን አስጠግተው፣
የሰው ልጅ ሲንሸራተት በሆዳቸው አብረው ወርደው፣
ይመለሱ ነበር ቤት፣ እንደ ደቻቱ አሸዋ ደርቀው።
ዛሬ ግን በሩ ላይ ካርቶን፣ በከሰል ተጽፎ ተሰቅሏል፦
«እስኪሞቅ ድረስ ግማሽ ዋጋ።» ብርድም ለካ ለሰው ያዝናል።

ለራህማ አልነገርኩም። መልሷን አውቀዋለሁ ሳትነግረኝ፦
«ሲታመሙስ? መድኃኒቱም ግማሽ ዋጋ ነው በለኝ!»
ቀፊራ ሽንኩርቷ ላይ ናት። ከገመዱ አንድ ፎጣ ሰረቅሁ፣
ኢፍቱን ከጎኔ፣ ዚያድን ከኋላ፣ ባጃጄን አስነሳሁ።

ሙሜ፣ የፓምፑ ጠባቂ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣
«ለሦስት ሰው ሞተር አላስነሳም» አለ፣ ቀና ሳይል ከቶ።
«ሁለት ናቸው፣ እኔ ሹፌር ነኝ።»
«እሱማ ጭራሽ!»
ግን ዚያድ ካልሲውን አውልቆ ኪሱ ከቶ ነበር።
ሙሜ ካልሲውን አየ። ተነሣ፣ እያጉረመረመ።

መጀመሪያ የሳለው ሞተሩ ነው።

ሠላሳ ስምንት ደረጃ፤ ኢፍቱ ቆጠረች።
ሠላሳኛው ላይ ጥርሷ ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ይለው ጀመር።
ከላይ ሆነን ከተማው ይታያል፦ የባቡር ጣቢያው ጣሪያ፣
የሲሚንቶው ጭስ በንፋሱ ወደ ጎን የተጣመመ፣
ደቻቱ አሸዋውን ተከናንቦ ጋደም ያለ።
የሱን መንሸራተቻ እናውቀዋለን፤
ያለ ቲኬት፣ በሌሊት ነው የሚመጣው።
ፊቴን አዞርኩ።

ኢፍቱ ሄደች። ጩኸቷ ተከተላት።
ዚያድ «ብቻዬን አልወርድም» አለ። ከንፈሩ የበለስ ቀለም።
ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኩት፣
ውሃው ከኋላ መጥቶ ወገቤን ሲነካኝ
«ብርድ» ልል አፌን ከፈትኩ፣
ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ቀድሞን ወረደ።
የባጃጁ ባለቤት፣ የነዳጁ ዕዳ፣ የትራፊኩ ክስ፣
የራህማ ዓይን፣
ሁሉም እዚያ ላይ ተራ ይዘው ቀሩ።
በዚያ ቀን የነበረው ሰልፍ እሱ ብቻ ነው።
እኛ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሆዳችን፣
ሰማዩ ቱቦ፣ ቱቦው ሰማይ፣
የማን ሳቅ እንደሆነ ሳይለይ
ጧ!

ገንዳው ውስጥ እስከ አገጫችን ተቀመጥን።
ልወጣ ስል ኢፍቱ ጎተተችኝ፦
«አባ፣ አትውጣ፤ ብርዱ ያለው መውጣቱ ላይ ነው።»

ሰባት ጊዜ ወረድን። ሙሜ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤
ስምንተኛውን ሳይቆጥር ዝም አለ።
ፎጣው ዚያድን አደረቀ፣ ኢፍቱን አባበለ፣
ለኔ ሲደርስ ሌላ ገንዳ ሆኖ መጣ።
የባጃጄን የኋላ ክዳን ከፍቼ ሞተሯን አስነሳሁት፤
እጃቸውን ዘርግተው ሞቁ፣ የትም ሳንሄድ፣
የአንድ ሊትር ሩብ።

ማታ ራህማ ፎጣውን አሸተተች። ክሎሪን።
ምንም አላለች። ልጆቹ እንደ ድንጋይ ተኝተዋል፣
ማንም አልሳለም።
እኩለ ሌሊት ላይ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ፣
አንዴ፣ ትራስ ውስጥ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ በግልጽ።
ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ በጨለማው፣ ቀስ ብላ፦
«ካርቶኑ» አለች፣ «ነገም አለ?»