የአርቮ ሐዲድ

ከሌሊቱ አስር ሲል ሞተሬን አሞቃለሁ፤
ሐይቁ የደፋብንን ስገፋ አነጋለሁ።
ሱፒሪየር ይሉታል፤ ትንፋሹ ነው በረዶ፤
ያድራል መንደራችን ላይ ከሰማይ ተንዶ።
የመኪናዬ ማረሻ ከሁለት በር ይሰፋል፤
ከመንገድ ያነሣውን ካገኘው ደጅ ይደፋል፤
የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።
እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ጥድ ጎዳና ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ አለ፤
ገና ሳይነጋ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር የዋለ፣
በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣
ፋኖስ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ጆሮውን በቆብ ቀብሮ።
ሁለት ክረምት ሙሉ ጸሎተኛ መስሎኝ
ባለፍኩ ቁጥር እጅ ነሣሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ለካ በቀለም ብሩሽ ሐዲድ ነው የሚጠርገው፤
ከነሐስ የተሠራ፣ ስፋቱ ከመዳፍ የሚያንሰው፤
ሁለት የፖም ዛፍ ዞሮ፣ በድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ፣
ከመንገዱ ዳር ይመጣል፣ በሃምሳ እርምጃ ተቆጥሮ።
ጣቢያም አለው፣ ከጣውላ፣ የጫማ ሳጥን ያህል፤
ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም «እምፒ» የሚል።

እምፒ ሚስቱ ናት፤ ዳሌዋን ካመማት ወዲያ
መስኮቱ ሆነ ቢሮዋ፣ ደብተሯ የሰዓት መለኪያ።
ባቡሩ ስንት ሰዓት ሄደ፣ ስንት ደቂቃ ዘገየ፣
ትጽፋለች፤ ብዕሯ ባሏን ከሌላ አልለየ።

አርቮ ድሮ ሾፌር ነበር፣ የማዕድን ባቡር ነጂ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎተተ፣ ቀይ አፈር እስከ ወደቡ ደጅ።
ዛሬ ጭነቱ የሱፍ ፍሬ ነው፣ ሦስት ፉርጎ ሙሉ፤
ተረካቢዎቹ ወፎች፣ ከጉቶው ላይ ያሉ፣
ጥቁር ቆብ የደፉ፣ የሁለት ሰዓቱን የሚጠብቁ፣
ካረፈደ እምፒን በመስኮት የሚጨቀጭቁ።

አንድ ማክሰኞ፣ በጥር፣
ጥጉን በፍጥነት ስታጠፍ፣ ማረሻው ሲወረውር፣
ጣቢያው ጠፋ። ድልድዩ ጠፋ። ባቡሩም፣ ከነፉርጎው።
አርቮ ብሩሹን ይዞ ቀና አለ። ስድብ ጠበቅሁ። ምንም አልወጣው።
እምፒ ግን ደብተሯን ገልብጣ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤
በትልልቁ፣ ለኔ እንዲነበብ፣ እንዲህ ብላ ነበረች፦
«መዘግየት፦ አርባ ደቂቃ። ምክንያት፦ ዴልበርት።»

ሞተሩን አጠፋሁት።

ወርጄ ተንበረከክሁ። ጓንቴ ከጣቢያው ይበልጣል።
«አውልቀው» አለኝ፤ «እዚህ ጣት ነው የሚያገለግል።»
የጺም መላጫ ብሩሽ ሰጠኝ፣ ጸጉሩ ግማሹ ያለቀ፤
«ጨው እንዳትነሰንስ፤ በጨው ስንት ሐዲድ ማቀቀ።
ሙቅ ውሃም እንዳታፈስ፤ መስታወት ይሆንብሃል።
ጥረገው ብቻ፤ ብረቱ ሲበቃው ራሱ ይነግርሃል።»

መለያያው ጋ ስንደርስ፣ ሁለቱ ሐዲድ ሲገናኝ፣
ብሩሽ አልገባ አለ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሳያናግረኝ፣
እፍ አለበት። ደጋገመ። የሰባ ስምንት ዓመት ትንፋሽ።
ጠቅ አለች ብረቷ፣ በስተመጨረሻ።

ከጣቢያው ሥር አውራ ጣት የምታህል ሴት አገኘሁ፤
የፕላስቲክ፣ ሻንጣ የያዘች፤ በመዳፌ አነሣሁ።
«ከጥቅምት ጀምራ ቆማለች፤ መልሳት።
እኛ ያኔ፣ ሠላሳ ሰዓት ስንቀበር፣ እዚያ ማዶ፣
እምፒም...» አለና ተወው። መስኮቱን አየ።
አፍንጫውን ጠራረገ፤ ያው፣ በረዶ።

ከሰርዲን ቆርቆሮ የተቀደደ ማረሻ አለው ባቡሩ፤
የኔው ታናሽ ወንድም! ግራ ቀኝ ገፍቶ ማማሩ!
አንዴ ወጣ ከሐዲዱ፤ መለስነው፤ ደግሞ ወጣ፤
በሦስተኛው ጉቶው ደረሰ፤ ወፉ ሁሉ ተንጫጭቶ መጣ።
እምፒ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ጥግ ስደርስ ማረሻዬን አነሣለሁ፤
አንድ ክንድ በረዶ ለሰው ጎማ እተዋለሁ።
አለቃዬ ኦርቪል ጠራኝ፤ «ሰው ይማረራል» አለ።
«የባቡር ማቋረጫ ነው» አልኩት፤ «ሕግ አለ።»
ካርታውን ዘረጋ። ፈለገ። ጥድ ጎዳናን በጣቱ ዳሰሰ።
እኔ ወደ ውጭ አየሁ፤
ሐይቁ እንደገና ተነፈሰ።