ሦስት ዝንጣፊ

አጥሬን ቀይ ቀቡት፣ ሦስት ሰዎች መጥተው፣
"እስከዚህ ይነሣል፣ መንገድ ሊሰፋ ነው።"
በርበሬ ወንዝ ሰፈር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ጥላ የሆነን ወይን፣ ሐረጉ፣ ቅጠሉ፣
ለግሬደር ተጻፈ፣ እንዳለ ከነአመሉ።
አመል ነበረበት፤ በጋ ላይ ይደርቃል፣
ሞተ ብዬ ስተወው ደግሞ ያቆጠቁጣል።

ባለቤቴ ዘነበች የደሴ ልጅ ነበረች፣
ሙጋድ ተወልዳ አድጋ ወደ እኔ የወረደች።
"አንድ ቀን" ትል ነበር፣ "ሐረጎን በእግራችን፤
መኪና መስኮት ላይ ቀረ ሀገራችን።"
እሺ እላት ነበር። እሺ ማለት ቀላል።
ፋብሪካው "ፈረቃ"፣ ጉልበት "ነገ" ይላል።

*

ሦስት ዝንጣፊ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ፣
ወጣሁ በማለዳ፣ የእህቴን ልጅ ትርንጎን፣ ሙሄን አስከትዬ።
ሙሄ ሾፌር ነበር፣ ኤንትሬ የሚነዳ፣
ሐረጎን የሚያውቃት በሁለተኛ ማርሽ፣ በጭነት በዕዳ።
"በእግሬስ አላውቃትም፣ እንግዳ ናት ዛሬ፤
እዚህ ፍሬን ስይዝ፣ እዚያ ስጸልይ ኖሬ።"

ቦርከና ይወርዳል፣ እኛ ወደ ላይ ነን፤
ከደሴ የሰማውን ወሬ ይዞ አለፈን፤
የሳሙና አረፋ፣ ፌስታል፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
የላይኛውን ገመና የታችኛው እንዲሰማ።

*

የጎፍ ደን ስንገባ ድምፃችን ቀነሰ፣
ብርሃን እንደ ድፎ ለቅጠል ተቆረሰ።
ጉሬዛ ካባውን ከወይራ ላይ ጥሎ
አየን፤ አየነውም፤ ሄደ ተንጠልጥሎ።
ትርንጎ ስልኳ ላይ እርምጃ ትቆጥራለች፣
"አሥራ አንድ ሺህ" ትላለች፣ "አሥራ ሁለት" ትላለች፤
እኔ የምቆጥረው ያረፍኩበት ድንጋይ፣
ጉልበቴ ስም አለው ለያንዳንዱ ስቃይ።

ከጥዱ ሥር ጠባቂ ብቅ አለ፣ ቆብ ያደረገ፣ ዱላ የያዘ።
"ከዚህ ደን ጭራሮ አይወጣም። ቦርሳህ ውስጥ ምንድነው?"
"ወይን ነው።"
"ከየት?"
"ከቤቴ።"
ጥጡን ፈታ፣ አሸተተ፣ መልሶ አሰረልኝ፤
"እንጨት ይዞ ወደ ደን የሚገባ፣ አንተን አየሁ" አለኝ።

*

ደሴ በብርድ ተቀበለን። ጦሳ ደመና ለብሷል።
ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤ የሙሄ ጫማ ተቀዷል።
ዘነበች በልጅነቷ በአጥር ቀዳዳ ያየችው፣
ደጋግማ ያወራችልኝ፣ ያ አዳራሽ እነሆ ይኸው፤
ስሙ አይጠየፍ ነው፤ በሩ ግን ቁልፍ ነው።

"ዛሬ ዝግ ነን" አለን ዘበኛው፣ ጋሽ አራጌ።
ሙሄ ቀና ብሎ ግንቡን አየ፣ ቁልፉን አየ።
"እሺ፣ በሩ ይጠየፍ፤ ደረጃውስ?" ብሎ
ዘፍ አለ እዚያው ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ጥሎ።

ዘበኛው አፈረ መሰለኝ። ዳቦውን አመጣ።
እኛ ቆሎ አለን። ፀሐይ ለጥቂት ወጣ ብላ ገባች።
አራት ሰው፣ አንድ ዳቦ፣ የተራ ኩባያ፤
እዚያው ደረጃ ላይ ግብር በላን።

"ይሄማ አይበቅልም" አለኝ፣ ዝንጣፊውን እያገላበጠ፣
"ውርጭ አያውቅ፣ የቆላ ነው፣ ..."
ግን እያለ ቢላ ፈለገ።
ከጎጆው ጥግ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት፣
አፈሩን ቆፈረ፤ አንዱን ተከልንበት።
ሁለተኛው ለሙጋድ፣ ለተወለደችበት።
ሦስተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለማን እንደሆን እንጃ።

*

ግሬደሩ ሲመጣ፣ አጥሩ ሲናድ፣ ግንዱ ተነቅሎ ሲጋደም፣
ድንገት "ወይኔ!" አልኩኝ።
ጎረቤት ሮጦ መጣ፣ ትከሻዬን ያዘኝ፣
"አብሽር፣ ወንድሜ፣ ቤት ይተካል" አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው?
ወይኔ ደሴ ነው ያለው፣
ብርድ ላይ፣ አንድ ቁልፍ በር አጠገብ፤
ምናልባት ደርቆ፤
ምናልባት፣ እንደ አመሉ።