ስምንት ማብሪያ

ትሪውን ይዤ ስወጣ በጓሮው በር በኩል
ሽታው ቀደመኝ፤ ላስቲክ፣ ውስጥ ውስጡን ሲቃጠል።
አል ዓይን፣ ነሐሴ፤ ሌሊቱም አይበርድም፤
ነጩ ፓትሮል ቆሟል፣ ኮፈኑን የዘጋው የለም።
ሱሀይል አጎንብሷል፣ ባትሪው ላይ ይታገላል፤
ካቻቢቴ በግራ፣ ስልክ በቀኝ ይዟል፤
ጭሱን ግን አላየም።

ትሪው ከእጄ ወደቀ፤ ብርቱካኑ ፈሰሰ፤
ቀዩን ሽቦ መንጭቄ ነቀልኩት፤ ጭሱ ቀነሰ።
«አብደሻል?» አለኝ።
«ፊውዙስ የታለ?» አልኩት።
ዝም አለ።
በዚህ ቤት ሦስት ዓመት፣
ከ«እሺ» የረዘመ ቃል ያኔ ገና አወጣሁ።

አባቴ ኤሌትራውቶ ነው፤ ደሴ፣ መናኸሪያው ጀርባ፤
አይሱዙ ከነጭቃው ጓሯችን ሲገባ
መብራት የምይዝ እኔ፣
እጄ ቀጭን ስለሆነ ክሩስኮቱ ሥር የምሾልክ እኔ።
«ቀዩን ሁሉም ያየዋል» ይለኛል፣ አፉ ውስጥ ብሎን ይዞ፣
«አንቺ ጥቁሩን ጠይቂ።»

ዕቃ አጥቤ ስጨርስ፣ ማዳም ስትተኛ፣
ከጋራዡ አምፖል ሥር ሆንን ሁለት ሠራተኛ።
እሱ ከስልኩ ያነባል፣ እኔ ሽቦ እልጣለሁ፤
«ይሄ ቀጭኑ ይበቃል» ሲል፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ እስቃለሁ።
«ለጣሪያው መብራትማ ይሄ ክር ነው፣ ይነዳል፤
ወፍራም ግዛ» አልኩት። በማግስቱ ገዛ። ማን ያምናል?

ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር አራቅሁ፤
ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ ሲያልፍ፣
ስለት እንዳይበላው ጎማ አለበስኩ።
ሪሌዎቹን ደረደርኩ፤
ሲነኳቸው ቀጭ ይላሉ፣ እንደ አሮጊት ምላስ።

አንደኛው ማብሪያ የጣሪያው። ሁለተኛው የጉም።
ሦስተኛው የኮምፕሬሰር፤ በሙሉ ጎማ አሸዋ አይወጣም።
አራተኛው የኋላው፣ መኪና ሲቀበር መቆፈሪያ።
አምስትና ስድስት? «ለውበት ነው» ብሎ አፈረ።
ሰባት ፍሪጁ።
ስምንተኛው ባዶ።
«ምን ላገናኝበት?»
«ተወው። አባቴ ለእንግዳ አንድ ባዶ ይተዋል።»

ሞከርነው። ሁሉም በራ፣ ከአራተኛው በቀር።
ሱሀይል ፊውዝ ቀየረ፣ አምፖል ቀየረ፣ ቻይናን ረገመ፤
ለሱቁ ሊደውል ስልኩን አነሣ፣ በእኩለ ሌሊት።
«አርድ» አልኩት በአረብኛ፣ «መሬት አላገኘም።»
ሳቀብኝ። በሩን ከፍቶ በረሃውን አሳየኝ፤
«ይሄ ሁሉ መሬት!»

ብሎኑን ያሰረው ቀለም ላይ ነበር፤
ነጭ፣ የሚያምር፣ የፋብሪካ ቀለም።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ብረቱ ዐይኑን እስኪገልጥ።
መሬት የያዘ መስሎት ቀለም ላይ የታሰረ
ስንቱን አውቃለሁ፤
ለሱሀይል ግን አልነገርኩትም።
ጥቁሩን መልሼ አሰርኩ። በራ።

በማግስቱ ጓደኞቹ መጡ፣ ማብሪያውን ተራ በተራ ጫኑ።
«ማን ሠራልህ?»
«ሰናዒያ ውስጥ ያለ አንድ ፓኪስታናዊ፣» አለ፤ «እጁ ወርቅ ነው።»
ሻይ ይዤ እየደረስኩ ነበር።
ትሪው አልተነቃነቀም።

ሐሙስ ማታ ጣሪያው ላይ አንሶላ ሳሰጣ፣
ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አንድ መኪና ወጣ፤
የአሸዋው ጀርባ ላይ ቆመ።
አንድ፣ የጣሪያው።
ሁለት።
ሦስትማ ድምፅ ነው፣ እዚህ አይሰማም።
ከዚያ ዞረ፤ አራት፣
በራ፣ ጠፋ፣ በራ።

ላልቷል።
ጉድጓድ ሲዘል ብሎኑ ላልቷል።
ነገ ሲመለስ ጋራዡን ያተራምሳል፣
አሥር ቁጥሯን ቁልፍ ፍለጋ።
አያገኛትም።
ከኔ ጋር ናት፤ ወጥ ቤት፣ ከቢላዎቹ መሳቢያ።