አትንካ

ጥር፣ ሐሙስ፣ ሃይፋ፤ ዝናብ ሲወርድ በቀርሜሎስ ትከሻ፤
ጃንጥላ የለኝ፣ ቆብ የለኝ፤ ፈልጌ ነው መሸሻ።
ሥዕል አምሮኝ አይደለም የገባሁት፤
የመግቢያውን ሸቀል በብር ተርጉሜ ሁለት ጊዜ አሰላሁት።

ከኮምቦልቻ የመጣሁት ለውሃ ሥልጠና ነው፤ ሦስት ሳምንት፣
ቧንቧና ጠብታ፣ ግፊትና ልኬት።
ያን ቀን ግን አስተማሪው ታሞ፣ ክፍሉ ተዘግቶ፣
እግሬ ነው የመራኝ፣ መንገድ ስቶ ስቶ።

አንደኛው ክፍል ባሕር፣ ሁለተኛው የማላውቀው ሰው ጢም፤
የእርጥብ ጫማዬን ዳና በወለሉ ሳትም
ሦስተኛው ውስጥ አንዲት ሴት መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤
ብርቱካን ትልጣለች።
ቀኝ እጇ ግን አላለቀም፤ ከአንጓው ወዲያ ባዶ ሸራ፤
ሠዓሊው ምን ነካው? ሞተ? ወይስ ለእራት ተጠራ?
ጠጋ አልኩ፤ ጣቴ ተዘረጋ፣ የጎደለውን ሊለካ፤
ከበስተኋላዬ፣ በአማርኛ፦ «ወንድሜ፣ አትንካ!»

ሰማያዊ የጥበቃ ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶ
ጋሼ አዛናው፣ የአምቦበር ሰው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ፦
«አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኳት፣ ልጣ እንድታካፍለኝ፤
ይኸው ናት፤ እሷም አልጨረሰች፣ እኔም አልሰለቸኝ።
ሰው መጥቶ ሰባት ሰከንድ ያያታል፤ ቆጥሬያለሁ፤
ስልኩን ያነሣል፣ ይሄዳል፤ እኔ እቀራለሁ።
አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ በዚያች መስኮት ትገባለች፤
ያኔ ነው እጇ የሚታይ።»
ፀሐይ ግን ያን ቀን ቀረች።

ሊዘጋ ሲል ጠራኝ፤ «ማታ ሥራ አለህ?» «የለኝም።»
«ልጄ ትጫወታለች፤ ብቻዬን አልሄድም።»

ታች ወደቡ ዳር፣ የድሮ መጋዘን፤ ሃምሳ ሰው ያህል፤
የብረት ወንበር ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ሱፍ ይሸታል።
ሺራን ነው ስሟ፤ ፀጉሯን በእርሳስ ወግታ
ቼሎውን እንደ ሞላ ጆንያ ከጉልበቷ መሐል አጽንታ።
አንድ ዑድ፣ አንድ ከበሮ፣ ከጎኗ ሁለት ጎልማሶች፤
ስለ ዜማው አልናገርም፤ ውሃ ለኪ ምን ያውቃል ስለ ድምፆች?
ብቻ መሐል ላይ አንዱ ጅማት ጧ ብሎ ተበጠሰ፤
ዑዱ ዝም፣ ከበሮው ዝም፤ ሳሉን አፍኖ የቆየው ሁሉ አሳለ፣ አነጠሰ።
እሷ አልቸኮለች፤ አዲስ ጅማት ከኪሷ አውጥታ
አሰረች፤ ጆሮዋን ደፍታ፣ ቁልፉን በዝግታ
አዞረች፤ ጠበቀ፤ ላላ፤ ጠበቀ፤ ደግማ ነካችው፤
ገና ስም የሌለው ቃና ግድግዳ ሲዳብስ ሰማሁት፤ እሷም ሰማችው።
ያለቀውን ዜማ ረስቼዋለሁ፤
ቅኝቱን ግን ዛሬም፣ ቧንቧ ስፈታ፣ እሰማዋለሁ።

ዞር ብል ጋሼ አዛናው ወንበሩን ትቶ በሩ ጋ ቆሟል፤
እጆቹ ወደ ኋላ ተጣምረው፣ የቀን ልማዱ ይዞታል።
ተቀመጥ ብዬ ብጠቁመው ራሱን ነቀነቀ፤
ቀኑን ሙሉ «አትንካ» ያለውን ጉሮሮ ሳግ አነቀ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ዝናቡ አባርቶ፣
«አየህ?» አለኝ። «ምኑን?» ዝም አለ፤ ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ
ላጠው፤ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ አንድ ወጥ፣ እንደ ክር፤
ግማሹን ሰጠኝ።
በማግስቱ ስለ ግፊት ስንማር ጣቶቼን አሸት ነበር።