ሣጥኑ ውስጥ የቀረው

ሙሴ ስታቭሮ ከዚራን ሲለቅ፣ ዕቃው በካሚዮን ሲጫን፣
ውሻው ለዘበኛው ደረሰ፤ ለአባቴ ይቺ ሣጥን።
የሲጋር ሣጥን ናት። ክዳኗ ላይ መርከብ፣ መርከቡ ላይ ባንዲራ።
አባቴ ሲጋር ቀምሶ አያውቅም፤ ኒያላውንም በፍሬ ነው የሚገዛ፣
ያውም ደሞዝ በወጣ ማግሥት፣ እየፈራ።

ግን ሠላሳ ዓመት ከራስጌው አኖራት፤
የደሞዝ ወረቀት፣ የማኅበር ካርድ፣ የጥርስ ሐኪም ደረሰኝ እያጎረሳት።
ያሸታት ነበር ደግሞ። «ይኼ የኛ ጥድ አይደለም» ይላል፤ ያውቃላ፤
ሸሚንደፈር አናጢ ቤት የፉርጎ ወንበር ሲጠግን ነው ያረጀ፣
ከሚስማርና ከመላጊያ ጋራ።

ባቡሩ ሲቆም ሁሉም ቆመ፤ እሱ ግን ሰዓቱን አልለቀቀም፦
አስራ አንድ ተኩል ላይ ይነሣል፤ ይጠብቃል፤ ፊሽካ የለም።
ልብሱን ይለብሳል፤ ደጅ ይቀመጣል፤ ፊሽካ የለም።

እኔ ጊታር መሥራት የጀመርኩት ከሐዘን አይደለም፣ ከሙቀት ነው፤
ድሬ በግንቦት እንቅልፍ ስትነሳሽ፣ እጅሽ ምን ይሥራ ነው ጥያቄው።
መጀመሪያ የዘይት ቆርቆሮ ሞከርኩ፤ ድምፁ የፍየል ሳል።
ከዚያ የብስኩት ጣሳ፤ እሱስ ሲያንቋርር ጎረቤት ይቀሰቅሳል።
ሳይክል ጠጋኙ ረምዚ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ሣቀ፤
«አቦ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው! እንጨት ስጪው። ያባትሽ ሣጥንስ?» ሲል ጠየቀ።

ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

በአራተኛው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ በፌስታል ቋጠርኩ፤
ባዶ ሣጥን ሲከደን ድምፁ ሌላ ነው፤ ከፍቼ ደግሜ ከደንኩ።

ለአንገት የፉርጎ ወንበር ርብራብ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ከሚሉት፤
ስንት ነጋዴ ሴት ከጅቡቲ ጨርቅ ተጠምጥማ ያላበችበት፣
ዛሬም ሲፋቅ ጨው ጨው የሚሸት።
ለድልድዩ የግመል አጥንት፤ ባለ ልኳንዳው ነጂብ «ለሾርባ ነው?» ሲል «ለዘፈን» ስለው፣
አንዱን ለዘፈን፣ አንዱን ለሾርባ ሰጠኝ፣ ሚዛን ላይ እንኳ ሳይጥለው።
ፍሬቶቹ የጃንጥላ አጥንት። ክሮቹ የፍሬን ሽቦ፣ ረምዚ በጥርሱ የፈታው፤
ቀጭኑ ከሳይክል፣ ወፍራሙ ከባጃጅ፤
የማን ባጃጅ? አልጠየቅሁም፣ እሱም አላነሣው።
መቃኛው ከቁርቁራ ተጠረበ። ሙጫው ግን ድሬ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል፤
በሌሊት ቀባሁ፣ በደቻቱ ድንጋይ ጫንኩ፤ ደቻቱ ድንጋይ አይነፍግም፣ ይሰጣል፤
በአንድ ሌሊት ያን ሁሉ ሰው የወሰደ ወንዝ፣
ድንጋይ ቢሰጥ ምን ይደንቃል።

ሲደርቅ ረምዚ ቃኘው፤ ከሬዲዮ የለመደውን የሶማሌ ዜማ ጀመረ፤
ጣቱ ወፍራሟን ክር ሲነካ፣
ኮሽ ኮሽ እያለ፣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ አንጎራጎረ።

ሚስማር አይደለም፤ ሚስማር አልመታሁባትም። ወረቀት አይደለም፤ ቆጥሬያለሁ።
ከታች በተለጠፈው ልባስ ሥር አባቴ የሸሸገው ምን ይሆን እላለሁ።
ወደ ቀኝ ባጋድላት ወደ ቀኝ ይንከባለላል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ።
የፉርጎ ቁልፍ? የሙሴ ሳንቲም? ያ የተነቀለው መንጋጋ?
ረምዚ ቢላውን አወጣ።
እጁን ያዝኩት።

አሁን አስራ አንድ ተኩል ላይ ደጅ የምቀመጠው እኔ ነኝ።
ወፍራሟን ብቻ እነካለሁ። ኮሽ ይላል። አንዴ ይበቃኛል።

ትናንት ፍሬን አልባ ባጃጁን በእግሩ እያቆመ አንድ ሰው ሊገዛት መጣ፤
ነቀነቃትና «ውስጧ ይንኮሻኮሻል» ብሎ ከዋጋዋ ሁለት መቶ ብር ቆርጦ አወጣ።
አልሸጥኩም።
«ሌላ ሣጥን ካለህ አምጣ፣ እሠራልሃለሁ» አልኩት፤ «ግን ቤትህ፣ ብቻህን፣
አራግፈህ፣ ገልብጠህ፣ ጆሮህ ላይ አስጠግተህ፣
መጀመሪያ አረጋግጥ ባዶ መሆኑን።»