ጠጠር መጣያ

በቺሌ ዳርቻ፣ በረሃና ባሕር በሚፋጠጡበት፣
ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ ለቅሶ ብቻ ደርሶ በሚመለስበት፣
አንዲት ደሴት አለች፤ ከጀልባ ማሰሪያው ቢጣሩ የምትሰማ፣
ዛፍ ያልበቀለባት፣ በወፍ ኩስ የነጣች የድንጋይ አውድማ።
እዚያ ነው የሚኖር መብረር የተወ ወፍ፣ ፔንግዊን የሚሉት፣
በእግሩ ጎሬ ምሶ፣ ከቁልቋል ጥላ ሥር ሁለት እንቁላል ያሉት።

በመዝገብ አሥራ አንድ ነን፤ ሁለቱ አይመጡም፣ አንዱ መጥቶ ያንቀላፋል፤
«ጽሕፈትህ አይከፋም» ተብሎ፣ የቃለ ጉባኤው ብዕር ወደ እኔ አልፏል።

ቆጠራው ግን የዶሪላ ነው።
የባሕር አረም ለቅማ አዳሪ፣ ስድሳ ሰባት ዓመቷ፣
ስትነሣ የሚንቋቋ፣ እንደ መቅዘፊያዋ ማሰሪያ፣ ጉልበቷ።
በየመስከረሙ ከኤቫሪስቶ ጋር ቀዝፋ ትሻገራለች፣
እንቁላል ባየችበት ጎሬ ልክ ጠጠር ትጥላለች
በወተት ዱቄት ጣሳ።
ያላየችውን አትጥል፣ የጣለችውን አታነሣ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ጣሳ፣ ከግድግዳዋ ተደርድረው፤
ሲያነሷቸው የድሮዎቹ ዝም ይላሉ፣ ጢም ብለው፤
የቅርቦቹ ይንኮሻኮሻሉ፣ ጎድለው።

ከዚያ ኩባንያው መጣ፣ የብረት ማዕድን ወደብ ሊሠራ፤
መሐንዲሱ ካርታ ዘረጋ፤ ጣቱ ደሴቷን ሸፍኖ ስለ መርከብ መንገድ አወራ።
ሥራም ሰጠ፣ አይካድም። የዶሪላ ልጅ ሊሳንድሮ
የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ፤ የእናቱን ጣሪያ ለወጠ በአዲስ ቆርቆሮ።

በስብሰባው ዋዜማ ኤቫሪስቶ የዘንድሮውን ጣሳ ነቀነቀ፣
ድምፁን ሰምቶ ተሳቀቀ።
«አንድ እፍኝ ጨምሪበት» አላት፤ «ዳርቻው ሙሉ ጠጠር ነው፤ ማን ይለያል?»
«ጠጠር ታቅፎ ጫጩት የለም» አለችው፣
ክዳኑን ከደነችው።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠጠር መጣያ አልነበረውም።
ባለሙያው ተናገረ፦ «በጥናታችን ይህ ነው የሚባል ጎሬ አላገኘንም።»
ዶሪላ ተነሣች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ጣሳዋን ገለበጠች።
ጠጠር መጣያ በሌለበት፣ መቶ አራት ጠጠር ጣለች።

ባለሙያው ፈገግ አለ፤ «ድሮስ ስንት ነበሩ?»
«ስድስት መቶ።»
«እንግዲያ ያለ እኛም እያለቁ ነበሩ።»

ዝም። ብዕሬም ቆመ፤ ምን ተብሎ ይጻፋል?
ዶሪላ ግን፦ «ሰውዬው ታሟል ተብሎ የቤቱ በር ይነቀላል?»
ሌላም የምትለው ነበራት፤ ረሳችው መሰለኝ፤
ተቀመጠች፣ ቀሚሷን እያስተካከለች።

ልጆች ጠጠሩን ለቀሙ። አንዷ ግን ከወንበር ወንበር ሾልካ ወደ ኋላ ሄደች፣
ቢጫ ቆቡን በብብቱ ይዞ ከቆመው ሰው ጫማ ሥር ደረሰች።
ሊሳንድሮ ጎንበስ አለ። ቀና አለ። እናቱን አላያትም።
እጁን ኪሱ ከተተ፤ እስኪሄድ ድረስ አላወጣትም።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦
ውሳኔው ለመጋቢት ተቀጥሯል።
የፈሰሰ ጠጠር፣ መቶ አራት።
ወደ ጣሳው የተመለሰ፣ መቶ ሦስት።

«የጎደለችውን እንፈልጋት?» አልኳት ወንበር ሳነሣ፤
ዶሪላ ክዳኑን ገጠመች፤ ብድግ አለች ከነጣሳዋ፤
«ተዋት» አለች።
«ተቆጥራለች።»