ጭብጥ

ከሰዓት ፈረቃ ነን፤ ምሳ ገና ሳይወርድልን፣
ዓሣ ዓሣ የሚል ነፋስ ከአሞራ ገደል ሲመጣብን፣
አንድ አባ ኮዳ ወጥቶ ከክፍላችን ቆርቆሮ
ቁልቁል ያየናል፣ እንደ ፈታኝ፣ አንገቱን ሰብሮ።
ቲቸር ሐሜሶ ጠመኔ ለሁለት ገመሰ፤
«ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ» ጽፎ ወደ እኛ ተመለሰ።

«እንግሊዝኛ ችኩል ነው፤ ገና ባለቤቱ ሲታይ
ግሱ ተከትሎት ይደርሳል፣ ጫማው ሳይወልቅ ደጃፍ ላይ።
የእኛ ግን ታጋሽ ነው፤ ሰዉን፣ ቀኑን፣ ስፍራውን
ደርድሮ ይቀመጣል፣ ግሱ መጥቶ እስኪዘጋ በሩን።»

እኔ ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ በአማርኛ፣ ጻፍ ሳይለኝ ማንም፣
አንድ ጀመርኩ፤ ያው እንደ ጀመርኩት ነው እስካሁንም፦

«አባቴ፣ ማክሰኞ ማታ፣ መረቡን ትከሻው ላይ አንግቶ፣
በዳንጊሶ ታንኳ፣ በጥቁር ውሃ በኩል፣ ፋኖሱን አብርቶ፣»

ሦስት ክረምት አለፈ፤ ግሱ መጥቶ አልዘጋውም፤
ዓረፍተ ነገር ይሉታል፤ እኛ ቤት ነገር አላረፈም።
ማን ባለቤት እንደሆነ፣ ማን ተሳቢ፣ ግራ ገባኝ፤
ዓሣ ሲስብ የኖረውን ሐይቁ ራሱ ከሳበብኝ።
«ዋናተኛ ነው» ትላለች እናቴ። አጎቴ «ነበር» ይላታል፤
በ«ነው» እና በ«ነበር» መሃል ራታችን ይቀዘቅዛል።

ምንባቡ ደግሞ የአንዲት ሴት ነው፤ ገጽ አርባ ሁለት መሰል፤
ክረምት ከበጋ፣ መስኮቷ ላይ፣ ማታ ማታ ፋኖስ ስትሰቅል።
«ጭብጡ ምንድነው?» አለ። ባሪሶ «ተስፋ!» ዲና «ፍቅር!»
ከኋላ አንዱ «መልሱ ሐ ነው!» ክፍሉ በሳቅ ሲሸበር።
«ጭብጥማ» አለ ሐሜሶ፣ ጠመኔ የነካው እጁን ጨብጦ፣
«በእጅህ የቀረው ነው፣ የታሪኩ ውሃ ሾልኮ አምልጦ።
አንተስ?»
እኔን ነው። ከዴስኩ ሥር፣ ጭብጤ ውስጥ አለች፣
የቆሮሶ ሽያጭ፣ አንዲት ሃምሳ ብር፣ በላብ የራሰች።
«ቲቸር፣ ላምባውን ማን ይገዛላታል?» አልኩ።
ሳቁ።
እሱ አልሳቀም።

ዓርብ ደብተር ተመለሰ። አራት ነጥብ የረሳውን
ሁለት ማርክ ይቀንሰዋል፤ አውቀዋለሁ ሰውየውን።
ግን አልሰረዘኝም፤ ማርክም አልጻፈባት፤
ከ«አብርቶ» ቀጥሎ ያለችዋን ነጠላ ሰረዝ ብቻ
በቀይ አደመቃት።